ዝቅተኛው ኢንሹራንስ የሚከፍለው ለማን ነው?

በቨርጂኒያ በዓመት 500 ዶላር ለዲኤምቪ ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይቻል ነበር። ይህ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ቀርቷል። አሁን ኢንሹራንስ ግዴታ ነው፤ ዝቅተኛው ልክም በጃንዋሪ 2025 ከፍ ብሏል። በውሉ ወረቀት ላይ 50/100/25 ተብሎ ይጻፋል። ትርጉሙም ለአንድ ተጎጂ እስከ 50 ሺህ ዶላር፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱት ሁሉ እስከ 100 ሺህ፣ ለተበላሸ ንብረት እስከ 25 ሺህ ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡ የሚከፈለው ለተገጨው እንጂ ለገጪው አይደለም። ጥፋተኛው ሹፌር የራሱን መኪና ከኪሱ ያሠራል፤ በብድር የተገዛ ከሆነ መኪናው ቢወድም እንኳ ዕዳው አብሮ አይወድምም። የ40 ሺህ ዶላር መኪና ከጥቅም ውጭ ያደረገ ሰው ኢንሹራንሱ 25 ሺውን ከፍሎ ያበቃል፤ ለቀሪው 15 ሺህ ሹፌሩ ራሱ ሊከሰስ ይችላል። መንገዱ የሞላው ደግሞ ርካሽ መኪና አይደለም።

የኡበርና የሊፍት ሹፌሮች ነገር ይለያል። ተራው የግል ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ በክፍያ ሰው ሲጫን አይሠራም፤ ሌሊት ከመውጣት በፊት ኤጀንቱን በግልጽ መጠየቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ መቀበል ይገባል። የራስን መኪና የሚያሠራው ኮሊዥን የሚባለው ሽፋን ለብቻው ይገዛል፤ ዋጋውም በዚያው ስልክ ይጠየቃል።