«የጾም ነው?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ

ረቡዕ ወይም ዓርብ በአዊ ዞን እንጅባራ ከተማ ምግብ ቤት የገባ ሰው ገና ሳይቀመጥ «የጾም ምን አላችሁ?» ይላል። አስተናጋጇ አትደናገርም። ሽሮው ቅቤ እንዳልነካው፣ ጭልፋው ከፍስኩ ድስት እንዳልተዛወረ ሳይቀር ታውቃለች። ሌላው ዓለም በሕግና በቅጣት የሚያስጠብቀውን ጥንቃቄ እኛ በእምነት ይዘነው ኖረናል።

«ሰሊጥ ገብቶበታል?» ብላችሁ ጠይቋት እስቲ። «ኧረ ምንም የለውም፣ የጾም ነው» ልትል ትችላለች። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ መልስ ነው። ቅቤና ወተት ሲወጡ በቦታቸው የሚገቡት ሰሊጥ፣ ሱፍ፣ ኑግ፣ ተልባና ኦቾሎኒ ናቸውና። የወተት አለርጂ ላለበት ልጅ ጾም እፎይታ ነው፤ ሰሊጥ ለማይስማማው ግን አደጋው የሚበረታበት ወቅት። ሰሊጥ ደግሞ ለአዊ ሩቅ አይደለም፣ እዚያው ዞን ጃዊ ቆላ ይመረታል።

«አይስማማኝም» የሚለው ቃላችን ራሱ ብዙ ይሸፍናል። ሆድ መንፋትም፣ ጉሮሮ ዘግቶ ትንፋሽ የሚያሳጣ አለርጂም በእርሱ ይጠራሉ። የልጅ ከንፈር ሲያብጥ ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል፤ የበላውን የሚጠይቅ ይጠፋል። ሰውነት የምግቡን ፕሮቲን እንደ ጠላት ሲቆጥር ግን ጥቂት ቅንጣት እንኳ ለሞት ልታበቃ ትችላለች።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው ሕግ ስምንት ዋና ዋና አለርጂ ቀስቃሽ ምግቦች በማሸጊያ ላይ በግልጽ እንዲጻፉ አስገደደች። ሰሊጥ ዘጠነኛ ሆኖ የተጨመረው በ2021 በወጣ ሕግ ሲሆን፣ ግዴታው ከጥር 2023 ጀምሮ ጸንቷል። በአውሮፓ ኅብረት ዝርዝሩ 14 ይደርሳል። እኛም የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለን፤ የታሸገ ምግብ ገላጭ ጽሑፍ እንዲኖረው ይደነግጋል።

ዳንግላ ገበያ ላይ ግን የታሸገው ስንቱ ነው? በርበሬው፣ ሽሮው፣ በሶው በስፍር ይሸጣል። የጤፉን ነገር እንይ። ጤፍ በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን የለውም፤ ግሉተን የሚጎዳው፣ ሲሊያክ የተባለው ሕመም ያለበት ሰው ያለ ስጋት ሊበላው ይገባ ነበር። ከገብስ ወይም ከስንዴ ተቀላቅሎ ሲጋገር ግን ነገሩ ይለወጣል። ሳይቀላቀልም ቢሆን፣ ገብስ በተፈጨበት ድንጋይ ላይ ወዲያው ጤፍ ቢገባ የመጀመሪያው ዱቄት የገብሱን ቅሪት ይዞ ይወጣል። በብዙ አገሮች «ከግሉተን ነፃ» ተብሎ ለመጻፍ የሚፈቀደው ግሉተኑ በኪሎ ከ20 ሚሊ ግራም ካልበለጠ ነው። ይህን ያህሉን ዓይን አያየውም።

ስለዚህ ማሸጊያ ላይ ብቻ ያተኮረ ቁጥጥር አዊ ዘንድ ሲደርስ ባዶ እጁን ይቀራል ባይ ነኝ። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እናቶችን ስታስተምር ምችን ከአለርጂ ለይታ ትንገራቸው፤ አስተናጋጇም ቅቤውን በምታውቀው ልክ ሰሊጡንም ትወቅ። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ደግሞ በአማርኛና በአዊኛ አንድ መስመር በጠመኔ ይጻፍ፦ ዛሬ ጠዋት በዚህ ድንጋይ ገብስ ተፈጭቷል።