ተቀበል ያለ ዕለት

ልቡ የተሰበረ ሰው ጠጅ ቤት ሲገባ ካረማመዱ አውቀዋለሁ። ጥግ ይይዛል፣ ብርሌውን በሁለት እጁ ያቅፋል፣ ቤቱ ሲስቅ እሱ የማሲንቆዬን ጭራ ያያል። እንዲህ ያለውን ሰው ቀድሜ አልነካም። ለሌላው ሙገሳ ስደረድር እሱን አልፈዋለሁ።

አንድ ክረምት፣ ላሊበላ እንግዳ በሌለበት ወቅት፣ እንዲህ ያለ ልጅ መጣ። እጮኛው ጅዳ ሄዳ ድምፅዋ ከጠፋ ወራት አልፎ ነበር፤ ይህን የነገሩኝ ጓደኞቹ ናቸው። እሱማ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቃል ሳይወጣው ተመላለሰ። አንድ ማታ በአንቺ ሆዬ ቅኝት ስጫወት እጁን አነሳና «ጋሼ፣ ተቀበል!» አለ።

ባቲ የባቲዎች፣ አምባሰል የአምባሰሎች ከሆነ አንቺ ሆዬን እኛ ላስቶች የራሳችን እንላታለን። ትዝታ ሰውን ይዞት ወደኋላ ይሄዳል። አንቺ ሆዬ ግን አታስተኛም። ከአምስቱ ድምፆች ሁለት ቦታ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው በግማሽ ድምፅ ተጠጋግተው ይቆሙና ወዲያው ሰፊ ክፍተት ይመጣል፤ ጎጆዎች ተጠጋግተው ከዚያ ገደል እንደሚከተልበት የአገራችን መንገድ። ክራር ክሮቹ ተቃኝተው ይጠብቁሃል። ማሲንቆ አንድ ክር ነው፣ ቦታውን የምታውቀው ጣት ብቻ ናት፣ ጥቂት ከሳተች ቅኝቱ ይፈርሳል።

የልጁን ግጥም እዚህ አልጽፈውም፣ የሱ ነው። ስለ ልጅቷ አንድ ቃል አልነበረበትም፤ በረዶ ስለመታው ገብስ ነበር። ሁለተኛው ስንኝ ረዘመብኝ። አንዲት ቃል ቆርጬ፣ ዜማው ላይ አስተካክዬ መለስኩለት። ቤቱ ጮኸ። እሱ ቀና ብሎ አፌን አየ።

በማግስቱ ገና ደጋኔን ሙጫ ሳስነካ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ ትናንት የቆረጥካት ቃል እኮ ወርቁ ያለባት ናት» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሕብረ ቃሉን ነበር የጣልኩት። ሌላ ቃል አሳጥሮ፣ ቤት አስመትቶ፣ እንደገና ሰጠኝ። እንደሚድን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። አዝማሪ ቁስል ይቀሰቅሳል የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ሰው ስለ ቁስሉ ቃል መምረጥ ከጀመረ ቁስሉን ከራሱ ለይቶ ማየት ችሏል። እንባማ ከዚያም በኋላ ይመጣል።

የሰሜኑ ጦርነት በሐምሌ 2013 መጨረሻ ከተማችን ከገባ ወዲህ ግን መቀበል ከብዶኛል። ስለሄደች ፍቅረኛ የሚሰጠኝ ስንኝ ወርቁ ወንድም ሊሆን ይችላል፣ ልጅ ሊሆን ይችላል። አልጠይቅም። ሰሙን እቀበላለሁ፣ ሰሙን እመልሳለሁ። አንዲት እናት በጎረቤት ሠርግ ላይ ስለ ቀረ ወዳጅ ግጥም ሰጠችኝ። ሠርገኛው የፍቅር መስሎት እልል አለ። እኔ ቤቷን አውቃለሁ፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፄ ተያዘ።

«አብሽር ልጄ» አለችኝ፣ «መልስልኝ እንጂ።»