ባለ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ፦ የሞዴል ሎኮሞቲቭ ዋጋና ገበያ በቤሩት

በቤሩት ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአውሮፕላን ማረፊያውና በባሕሩ መካከል የምትገኘው ኦዛይ ስሟን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ774 ወደ አኼራ ከተሻገሩትና እዚያው ከተቀበሩት ታላቅ የፊቅህ ሊቅ ከኢማም አል-አውዛዒ ነው። በዛሬው የቤሩት ነዋሪ ዘንድ ግን ሰፈሯ በይበልጥ የምትታወቀው በቤት ዕቃ ሠሪዎቿ ነው። በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ አልጋ፣ ቁም ሣጥንና ወንበር የሚሠሩ አናጢዎች ተደርድረዋል። በቤቱ ሞዴል ባቡር ዘርግቶ መንዳት የሚሻ ሰው የሚያስፈልገውን ጣውላና ጠረጴዛ ከእነርሱ ዘንድ ያሠራል። ጠረጴዛው ላይ የሚሄደው ሎኮሞቲቭ ግን ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ነው። የሚመጣውም በዶላር ተገዝቶ ነው።

ሎኮሞቲቭ ፉርጎዎቹን የሚጎትተው የባቡሩ ራስ ነው። በሞዴል ዓለም በስፋት የተለመደው መጠን ኤች-ኦ ይባላል፤ እውነተኛው ባቡር በ87 ተከፍሎ የተሠራ ማለት ነው። በአውሮፓ መደበኛ የሆነው 1,435 ሚሊ ሜትር የሐዲድ ስፋት በዚህ ስሌት ወደ 16.5 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በዚህ መጠን ለልጆች ጨዋታ ተብሎ በቀላሉ የተሠራ ሎኮሞቲቭ ከ100 ዩሮ በታች ይገኛል። በእጅ ከናስ የተሠራው ደግሞ ከ1,000 ዩሮ በላይ ይዘልቃል። በሁለቱ መካከል፣ በግምት ከ150 እስከ 300 ዩሮ የሚያወጣው፣ ሰብሳቢዎች መካከለኛ ዋጋ የሚሉት ነው። እንደ ሮኮ፣ ፒኮ፣ ትሪክስና ሜርክሊን ያሉ ፋብሪካዎች ብዙ ደንበኛ የሚያገኙትም በዚህ ክልል ነው። አካሉ በጥንቃቄ የተቀረጸ፣ ጊሩ ከብረት የተሠራ፣ መብራቱ እንደ አቅጣጫው የሚቀያየር፣ ሲበላሽም መለዋወጫ የሚታዘዝለት ሎኮሞቲቭ በዚህ ዋጋ ይገኛል።

ይህ ዋጋ በሊባኖስ ምን ማለት እንደሆነ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። እስከ 2019 ድረስ አንድ ዶላር በ1,507.5 የሊባኖስ ሊራ ይመነዘር ነበር። ያን ጊዜ 220 ዶላር የሚያወጣ ሎኮሞቲቭ 331,650 ሊራ ነበር። በወር 1.5 ሚሊዮን ሊራ፣ ማለትም 1,000 ዶላር ያህል ይከፈለው የነበረ ሠራተኛ ከደመወዙ ሩብ ባልሞላ ገንዘብ ይገዛው ነበር። ምንዛሪው 89,500 ከደረሰ በኋላ የዚያው ሎኮሞቲቭ ዋጋ ወደ 19.7 ሚሊዮን ሊራ አሻቀበ፤ ያው 1.5 ሚሊዮን ሊራ ደግሞ 17 ዶላር እንኳ አልሞላም። ለብዙ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ይህ የመካከለኛ ዋጋ የአንድ ወር ደመወዝ ነው። በሳሎኑ መስተዋት ቁም ሣጥን ውስጥ የተደረደሩትን ባቡሮች አቧራ የምታራግፍ እህት በእጇ የያዘችው የምን ያህል ሰው ድካም እንደሆነ የሚነግራት ሰው እምብዛም የለም።

ከጀርመን የሚያዝ ሰው በመደብሩ ዋጋ ውስጥ ያለው የ19 በመቶ ታክስ ለውጭ ገዢ ሊቀነስለት ይችላል። 220 ዩሮ የነበረው ወደ 185 ዩሮ ይወርዳል። ሆኖም የመላኪያው ክፍያና በሊባኖስ የሚታሰበው 11 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ቅናሹን መልሰው ይበሉታል። ስለዚህ ብዙ ሰብሳቢዎች የሚያዋጣቸውን መንገድ ይመርጣሉ፤ ከአውሮፓ ለሚመጣ ዘመድ በሻንጣ እንዲያመጣላቸው አደራ ይላሉ።

ዋጋውን መክፈል ለሚችል እንኳ ዕቃው ሁልጊዜ አይገኝም። ምክንያቱ የአሠራሩ ስልት ነው። ፋብሪካዎቹ በየዓመቱ መጀመሪያ በኑረምበርግ በሚካሄደው የአሻንጉሊት ዐውደ ርእይ አካባቢ የዓመቱን አዳዲስ ሞዴሎች ያስታውቃሉ፣ ትእዛዝ ይሰበስባሉ፣ ከዚያም በውስን ቁጥር አንድ ጊዜ ያመርታሉ። ያለቀው ሞዴል ዳግም እስኪመረት ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ የብዙዎቹ ምርት ወደ ቻይና ተዛውሮ በጥቂት እጆች ተከማችቷል። ካደር የተባለው የሆንግ ኮንግ ኩባንያ ለብዙ የምዕራብ ስሞች ያመርት የነበረውን ሳንዳ ካን ሲገዛ፣ የብሪታንያው ሆርንቢን የመሳሰሉ ደንበኞች የምርት ተራቸው እየዘገየ ለዓመታት ተቸግረዋል። በ2009 ሜርክሊን ራሱ ዕዳውን መክፈል ተስኖት በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር ገብቶ ነበር፤ በ2013 ሲምባ-ዲኪ የተባለው የአሻንጉሊት ኩባንያ ገዛው። የመካከለኛው ዋጋ ወደ ላይ እየገፋ የመጣው በዚህ ሁሉ መሃል ነው። ከሃያ ዓመት በፊት 150 ዩሮ ይሸጥ የነበረ ዓይነት ሎኮሞቲቭ ዛሬ ድምፅና ዲጂታል መቆጣጠሪያ ተጨምሮበት ወደ 300 ተጠግቷል።

አገልግሎት ላይ የዋለው ገበያ የተሻለ ነው። ከሊባኖስ የሚሰደዱ ቤተሰቦች ዕቃቸውን ሲሸጡ ወይም ለቤት ሠራተኛቸው ሲተዉ፣ አሮጌ የባቡር ካርቶን ከመካከሉ ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ያለ ካርቶን የደረሰው ሰው ሀብታም ሆንኩ ብሎ ሊቸኩል አይገባም፤ ርካሽ አሻንጉሊት ነው ብሎም ሊጥለው አይገባም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በቆርቆሮ የተሠሩት የሜርክሊን ባቡሮች በጨረታ ውድ ናቸው። ከ1960ዎቹ እስከ 1990ዎቹ በብዛት የተመረቱት የኤች-ኦ ሎኮሞቲቮች ግን፣ በሚገባ ቢሠሩም እንኳ፣ ብዙውን ጊዜ ከአዲሱ ዋጋ ግማሹንም አያወጡም። በካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ከውስጡ ዕቃ ጋር ከተስማማና ካርቶኑ ካልተቀደደ ዋጋው ከፍ ይላል።

ሎኮሞቲቩ ተገልብጦ ሆዱ ይታያል። ከሥሩ በርዝመቱ የተዘረጋ ምላስ መሰል ብረት ካለው በሜርክሊን ስልት የሚሄድ ነው፤ ኤሌክትሪኩን የሚወስደው በሐዲዱ መሃል ከተደረደሩ ነጥቦች ስለሆነ በተራ ባለ ሁለት ሐዲድ መስመር ላይ አይሠራም። ይህን ሳይለዩ የገዙ ብዙዎች ናቸው። መንኮራኩሩ ላይ ያለው ቀጭን የጎማ ቀለበት ደርቆ ቢሰነጠቅ አያሳስብም፤ በጥቂት ሳንቲም ይተካል። የዚንክ ቅይጥ የሆነው አካል ራሱ ተነፍቶ ከተሰነጣጠቀ ግን መድኃኒት የለውም፤ ያ ዕቃ የሚገዛው ለመለዋወጫ ብቻ ነው። ከሁሉም በላይ ሎኮሞቲቭ በምንም ዓይነት ከግድግዳው 220 ቮልት ጋር በቀጥታ አይገናኝም። በመካከል ኃይሉን ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ የአሮጌ ትራንስፎርመር ሽቦ ከተላጠም መጣል ይሻላል። መብራት በቀን ውስጥ ደጋግሞ በሚጠፋበትና ጄኔሬተር በሚተካበት እንደ ኦዛይ ባለ ሰፈር ዲጂታል መቆጣጠሪያ ያለው ሰው ኃይል በሚያመጣጥን ባትሪ በኩል ቢያገናኘው ይመረጣል። የባሕሩ ጨዋማ አየርም ሐዲዱን ቶሎ ቶሎ መወልወልን ይጠይቃል።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ለጀርመን፣ ለፈረንሳይ ወይም ለብሪታንያ ባቡር ነው። በቤሩት የሚኖር ሰው የራሱን አገር ባቡር፣ ድሬዳዋ ያደገ ሰው ደግሞ የልጅነቱን ባቡር በመካከለኛ ዋጋ ልግዛ ቢል ግን መደርደሪያው ባዶ ነው።

ታሪኩ የሚያሳዝነው ባቡሩ ስለነበረ ነው። የቤሩት–ደማስቆ መስመር በነሐሴ 1895 ተከፈተ። ርዝመቱ 147 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ የሊባኖስን ተራራ ለመውጣት በመሃሉ ጥርስ ያለው ሐዲድ ተዘርግቶለት ወደ 1,500 ሜትር ከፍታ ይወጣ ነበር። በኤች-ኦ ልክ በትክክል ልሥራው የሚል ሰው 17 ሜትር ከፍታ ያለው ቤትና 1.7 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ያስፈልገዋል፤ የኦዛይ አናጢ የቱንም ያህል ባለሙያ ቢሆን እንዲህ ያለ ጠረጴዛ አይሠራም። የዚህ መስመር ስፋት ከተለመደው የተለየ 1,050 ሚሊ ሜትር ነበር። በመላው ዓለም ሙስሊሞች መዋጮ ጭምር ተሠርቶ በ1908 መዲና የደረሰው የሒጃዝ ባቡርም ይህንኑ ስፋት የወሰደው ዕቃው በቤሩት በኩል ስለሚገባና ከዚሁ መስመር ጋር ስለሚገናኝ ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባው የ784 ኪሎ ሜትር የምድር ባቡር ደግሞ 1,000 ሚሊ ሜትር ነው። በስዊዘርላንድ ቪንተርቱር የነበረው የሎኮሞቲቭ ፋብሪካ ለቤሩት–ደማስቆም ለጅቡቲ–አዲስ አበባም ሠርቷል። ተራራ የሚወጡ ጠባብ መስመሮች የሚያስፈልጋቸው ሎኮሞቲቭ ዓይነቱ ተቀራራቢ ነበር።

እነዚህ ሁለት ስፋቶች በ87 ሲካፈሉ አንዱ 12.07፣ ሌላው 11.49 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። ለሁለቱም የሚሆን 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ በገበያ ላይ አለ። ቤሞ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ በዚህ ሐዲድ የሚሄዱ የስዊዘርላንድ ተራራ ባቡሮችን ይሠራል፤ ሆኖም አዲሶቹ ሎኮሞቲቮቹ በአብዛኛው ከመካከለኛው ዋጋ በላይ ናቸው፣ ቅርጻቸውም የስዊዘርላንድ ነው።

መውጫው ያልተጠበቀ ቦታ ይገኛል። ቲቲ የተባለው፣ እውነተኛውን በ120 የሚከፍለው መጠን፣ መደበኛውን ስፋት ሲያሳንስ እርሱም 12 ሚሊ ሜትር ላይ ይወድቃል። ቲሊግ፣ ሮኮና ፒኮ በዚህ መጠን ይሠራሉ፤ ሆርንቢም በ2022 ተቀላቅሏቸዋል። ከእነዚህ መካከል በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጡ ብዙ ናቸው። ብልሃተኛ ሠሪዎች የቲቲውን ሎኮሞቲቭ ሞተርና መንኮራኩር እንዳለ ይወስዱና፣ በላዩ በ87 ልክ የተሠራ ሌላ አካል ያለብሱታል። ሐዲዱ አንድ ነው፤ የሚቀየረው ካባው ነው። አካሉ ከስስ ናስ ወይም ከፕላስቲክ ይቆረጣል፣ ወይም በሦስት ገጽታ ማተሚያ ይወጣል። የመንኮራኩሮቹ ዲያሜትርና ርቀት በሚሊ ሜትር ላይገጥም ይችላል፤ እንከኑ ግን በጠረጴዛ ላይ ሲሄድ ለማየት የሚያስቸግር ነው። በዚህ መንገድ አንድ የሒጃዝ ወይም የድሬዳዋ ሎኮሞቲቭ ከ200 እስከ 300 ዩሮ ባለው ወጪ ሊሠራ ይችላል፤ የእጅ ሥራው ሰዓት ሳይቆጠር ማለት ነው።

ትሪፖሊን ለሚወድ ሰው ቀለል ያለ አማራጭ አለ። በ1911 የተከፈተው የትሪፖሊ–ሆምስ መስመር በመደበኛው 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት የተዘረጋ ነው። በ1942 በጦርነቱ ጊዜ የሕብረቱ ጦር መሐንዲሶች ከሐይፋ በባሕሩ ዳር፣ ከኦዛይ በስተ ደቡብ ባለው ኻልዴ በኩል፣ ቤሩት ብሎም ትሪፖሊ ያደረሱት መስመርም ስፋቱ ይኸው ነበር። በትሪፖሊ ጣቢያ ዛሬም ቆመው የሚታዩት ጂ 7 እና ጂ 8 የተባሉ የፕሩሺያ የጭነት ሎኮሞቲቮች ናቸው። የጂ 8 ተከታይ የሆነው፣ 5,000 ገደማ የተመረተው ጂ 8.1፣ በሜርክሊንና በትሪክስ በኤች-ኦ ተሠርቷል፤ አገልግሎት ላይ የዋለው በመካከለኛው ዋጋ ክልል ይገኛል። ጉልላቱና የእንፋሎት በርሜሉ ከትሪፖሊዎቹ ይወፍራል፤ ባለሙያ ዓይን ልዩነቱን ወዲያው ያያል። ያም ሆኖ አራት ጥንድ መንኮራኩሮቹና ዝግተኛ አካሄዱ የዚያው ቤተሰብ ነው። በመካከለኛ ዋጋ ለሊባኖስ ባቡር የሚቀርብ ሞዴል ስለሆነ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

የኢትዮጵያው ጉዳይ በአንድ በኩል የተሻለ ነው። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ኤሌክትሪክ ባቡር በ1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት የተሠራ በመሆኑ በማንኛውም የኤች-ኦ ሐዲድ ላይ ልኩ ነው። አሮጌው ግን፣ ሰዉ በፍቅር የሚያስታውሰው፣ በ12 ሚሊ ሜትሩ መንገድ ካልሆነ አይገኝም።

ካባውን ለመሥራት ልኬት ያስፈልጋል። ልኬት ያለው ደግሞ በእውነተኞቹ ሎኮሞቲቮች ላይ ነው፤ በድሬዳዋው የጥገና ጋራዥ፣ በበቃዕ ሸለቆ ባለው ራያቅ፣ በትሪፖሊ ጣቢያ። የሊባኖስ ባቡሮች ከ1975ቱ የእርስ በርስ ጦርነት ጀምሮ እየተቆራረጡ በ1990ዎቹ ፈጽሞ ቆመዋል። ሐዲዱ እንዲመለስ የሚወተውተው ትሬን/ትሬን የተባለው የአገሩ ማኅበር ጣቢያዎቹን በማስታወስ ይታወቃል። በራያቅና በትሪፖሊ ያሉት ሎኮሞቲቮች ግን ጣሪያቸው በፈረሰ ሼዶች ሥርና በሜዳ ላይ፣ በየዓመቱ ዝናብ ቆርቆሯቸው እየሳሳ፣ በመንኮራኩሮቻቸው መካከል ቁጥቋጦ በቅሎ ቆመዋል። የሜትር ገመድና ፎቶ ግራፍ ማንሻ ይዞ የሚሄድ ሰው የበሩን ቁመት፣ የጭስ ማውጫውን ውፍረት፣ የመንኮራኩሮቹን ርቀት ዛሬ መለካት ይችላል።