ታሪክ በቴሌቪዥን ሲነገር፤ የአሜሪካ ፊልሞችና የወላይታ ጥያቄ

የአገር ታሪክ ቀድሞ የሚጻፈው ለጥቂት ሰዎች ነበር። ጸሐፊው በቤተ መንግሥት ወይም በገዳም ተቀምጦ ይጽፋል፤ የሚያነበውም መኰንኑና ካህኑ ነው። የቀረው ሕዝብ ከአባቱ አፍ የሰማውን፣ ከአዝማሪ የተቀበለውንና በየበዓሉ የሚነገረውን ይዞ ይኖራል። ሲኒማና ራዲዮ፣ ቀጥሎም ቴሌቪዥን ከተገኘ ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። በወላይታ ዞን የዳሞት ፑላሳ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በሻንቶ የሚኖር ገበሬ፣ የታሪክ መጽሐፍ አንድ ቅጠል እንኳ ሳይገልጥ፣ በአንድ ምሽት የመቶ ዓመት ታሪክ በዓይኑ አይቶ ሊተኛ ይችላል። ያየውንም በማግሥቱ ለጎረቤቱ ይነግራል፤ ልጁም ያንኑ ይዞ ያድጋል። እንግዲህ ለሕዝብ ሁሉ ታሪክን በሥዕልና በድምፅ የሚያዘጋጅ ሰው የያዘው ሥልጣን ቀድሞ የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ከያዘው ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

በዚህ ሥራ ብዙ የደከሙት አሜሪካውያን ናቸው። ድካማቸው ግን የተጀመረው እንግሊዝ አገር በተወለደ ሰው መሆኑ ያስገርማል። አሊስቴር ኩክ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1908 በሳልፎርድ ከተማ ተወለደ፤ በ1941 የአሜሪካን ዜግነት ተቀበለ፤ ከ1946 እስከ 2004 ድረስም «ከአሜሪካ የተላከ ደብዳቤ» በሚል ርእስ ስለዚያች አገር በእንግሊዝ ራዲዮ ሲናገር ኖረ። በ1972 የወጣውና 13 ክፍል ያለው «አሜሪካ» የተባለው ተከታታይ ፊልሙ፣ የአገሪቱን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ ዘመኑ ድረስ ለተራው ተመልካች ያስረዳ ነበር። ኩክ በተነገረው ታሪክ ቦታ ላይ ራሱ እየቆመ፣ ቤቱንና ሜዳውን፣ ዕቃውንም እያሳየ ይናገራል። ሥራውንም «የግል ታሪክ» ብሎ ሰየመው፤ ይኸውም የምታዩት እኔ እንደ ተረዳሁት ነው ማለቱ ነው። እንዲህ ያለ ግልጽነት በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ አይገኝም። አሜሪካውያንም ታሪካችንን የውጭ ተወላጅ ነገረን ብለው አልተቆጡም፤ እንዲያውም በ1974 በምክር ቤታቸው ፊት ቆሞ ንግግር እንዲያደርግ ጋበዙት።

ከኩክ በኋላ ስሙ የገነነው ኬን በርንስ ነው። ከ1861 እስከ 1865 የተደረገውን የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሚተርከው ፊልሙ በ1990 በመስከረም ወር አምስት ሌሊት ተከታትሎ ታየ፤ ዘጠኝ ክፍል አለው፤ ርዝመቱም 11 ሰዓት ያህል ነው። 40 ሚሊዮን የሚያህል ሰው እንደ ተመለከተው ተነግሯል። ፊልሙን ለመሥራት የፈጀው ጊዜ ከጦርነቱ ከራሱ ይበልጣል።

የአሠራሩ ብልሃት ልብ ሊባል ይገባዋል። ጦርነቱ በተደረገበት ዘመን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ገና አልተገኘም ነበር። ስለዚህ አዘጋጁ ከየቤተ መዛግብቱና ከየግለሰቡ ቤት በሺሕ የሚቈጠሩ አሮጌ ፎቶግራፎችን ሰበሰበ፤ የፊልም መሣሪያውንም በያንዳንዱ ፎቶግራፍ ላይ በዝግታ ከፊት ወደ ፊት፣ ከእጅ ወደ ጠመንጃ እያሳለፈ፣ የሞተውን ሥዕል ሕያው አስመሰለው። ከዚያም በላይ የወታደሩን ደብዳቤ፣ የእመቤቲቱን የዕለት ማስታወሻ፣ የባሪያውን ቃል ልዩ ልዩ ሰዎች በድምፃቸው እንዲያነቡት አደረገ። ሳሊቫን ባሉ የተባለ የሮድ አይላንድ የጦር መኰንን ከመሞቱ ጥቂት ቀን አስቀድሞ ለሚስቱ የጻፈው ደብዳቤ ሲነበብ ተመልካቹ ሁሉ እንዳለቀሰ ይነገራል። ከ620,000 የማያንስ ሰው ያለቀበት ጦርነት በአንድ ባልና በአንዲት ሚስት መለያየት ታየ። የጄኔራሎቹን አሰላለፍ የሚዘረዝር መጽሐፍ ይህን ሊያደርግ አይችልም።

ነገር ግን ሊቃውንቱ ፊልሙን ዝም ብለው አላሳለፉትም። በ1996 የታሪክ ምሁራን የሰጡት ሒስ ተሰብስቦ በመጽሐፍ ወጣ። ከወቀሳቸው ዋናው እንዲህ ያለ ነው። ፊልሙ ለጦር ሜዳው ብዙ ሰዓት ሰጠ፤ ከጦርነቱ በኋላ ነፃ የወጡት ጥቁሮች ምን እንደ ደረሰባቸው ግን በጥቂት ደቂቃ አለፈው። የመጨረሻውም ሥዕል በጌቲስበርግ ሜዳ፣ በ1913 እና በ1938፣ የሰሜንና የደቡብ አረጋውያን ወታደሮች ተገናኝተው ሲጨባበጡ የሚያሳይ ነው። መጨባበጡ እውነት ነው፤ ሥዕሉም ልብ ይነካል። ነገር ግን የተጨባበጡት ነጮች ናቸው፤ ጦርነቱ የተነሣበት ምክንያት የሆነው ባሪያ በዚያ ሥዕል ውስጥ የለም። በ1913 የባሪያው ልጅ በደቡብ ክፍል ድምፅ መስጠት ተከልክሎ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ራሱ ባርባራ ፊልድስ የተባለችው የታሪክ ምሁር ይህን ነገር ታመለክታለች፤ ነገር ግን በተዋጊዎቹ ጀግንነት ላይ የሚተርከው ሼልቢ ፉት ከርሷ እጅግ የሚበልጥ ጊዜ ተሰጥቶታል። ወቀሳው ትክክል ነው ማለት ይቻላል። ተሸናፊው ጌታ በፍቅር ሲታወስ፣ የጌታው ባሪያ ግን እንደገና ከበር ውጭ ቆሟል።

ይህን ጉድለት የሚሞላ ሌላ ሥራ አስቀድሞ ወጥቶ ነበር። ሄንሪ ሃምፕተን በ1987 እና በ1990 ያወጣው 14 ክፍል ያለው ተከታታይ ፊልም የጥቁር አሜሪካውያንን የመብት ትግል ራሳቸው በትግሉ የነበሩት ሰዎች እየመሰከሩ ይተርካል። የዚህ ፊልም ዕጣ ለማንኛውም የመዝገብ ሹም ትምህርት የሚሆን ነው። በውስጡ የገቡት አሮጌ ሥዕሎችና ዜማዎች ባለቤት ስላላቸውና ፈቃዳቸው ለተወሰነ ዘመን ብቻ ስለ ነበረ፣ ፈቃዱ ሲያልፍ ፊልሙ ለብዙ ዓመት በቴሌቪዥን ሳይታይ ቀረ፤ እንደገና የታየው ገንዘብ ተሰብስቦ ፈቃዱ ከታደሰ በኋላ በ2006 ነው። አንድ ሕዝብ የራሱን ትግል ለማየት ለሥዕሉ ባለቤቶች መክፈል ነበረበት።

ከኢትዮጵያ ወጥቶ በዚያ አገር በዚሁ ሥራ የታወቀ ሰው አለ። ኃይሌ ገሪማ በጎንደር ተወለደ፤ አባቱ አባ ገሪማ ታፈረ ደራሲ ነበሩ። ወደ አሜሪካ ሄዶ ሲኒማ ከተማረ በኋላ በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዘመን አስተማረ። በ1993 ያወጣው «ሳንኮፋ» የተባለው ፊልሙ በአሜሪካ የነበረውን ባርነት በባሪያው ዓይን ያሳያል፤ በ1999 ያወጣው ስለ ዐድዋ የሚናገር ዘጋቢ ፊልምም አለው። እንግዲህ እንግሊዛዊው የአሜሪካን ታሪክ ለአሜሪካውያን እንደ ነገራቸው፣ ጎንደሬውም ከአሜሪካ ታሪክ የተዘለለውን ነገራቸው ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። የነገሥታቱን፣ የዐድዋንና የአምስቱን ዓመት ተጋድሎ የሚያሳዩ ዝግጅቶች ብዙ ታይተዋል። አንድ ቀን የኢትዮጵያን ታሪክ በሙሉ ከመጀመሪያ እስከ ዛሬ የሚተርክ ተከታታይ ፊልም ለሕዝብ ሁሉ ይዘጋጅ ቢባል፣ ከባዱ ፈተና የት እንደሚያጋጥም ለማወቅ ወደ ወላይታ መሄድ ይበቃል።

መጀመሪያው ክፍል ቀላል ነው። በዳሞታ ተራራ ጎን ሞቼና ቦራጎ የተባለ የዋሻ መጠለያ አለ። ፈረንሳውያን፣ ኋላም የአሜሪካና የጀርመን ሊቃውንት ቆፍረው ከ40,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው ከጥቁር ባልጩት የተሠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች አግኝተውበታል። ከሶዶ ከተማ በላይ ያ ሁሉ ዘመን ተቀምጧል፤ ይህን በማሳየት የሚቈጣ የለም።

ሁለተኛው ክፍል ካህናቱን ይመለከታል። ገድለ ተክለ ሃይማኖትን ያነበበ ሁሉ የዳሞትን ንጉሥ ሞቶሎሚን ያውቀዋል፤ በመጀመሪያ የጻድቁን እናት እግዚእ ኀረያን የማረከ አረመኔ ነው፤ በኋላም በጻድቁ ስብከት ያመነና የተጠመቀ ነው። በወላይታ ሽማግሎች አፍ ግን ሞቶሎሚ ከመጀመሪያዎቹ ነገሥታት አንዱ፣ የራሳቸው አባት ነው። አንዱ ስም በብራናው ላይ ጠላት፣ በቃል ትውፊቱ ግን ዘር ሆኖ ይገኛል። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ሊቃውንት ይከራከሩበታል። ቢሆንም ፊልም የሚሠራ ሰው ብራናውን ከፍቶ ሽማግሌውን ቢዘጋ፣ ወይም ሽማግሌውን ሰምቶ ብራናውን ቢተው፣ ግማሹን ተመልካች ከቤቱ ያስወጣዋል።

ሦስተኛው ክፍል ነው ከባዱ። በ1887 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ጦር አስከትተው ወደ ወላይታ ዘመቱ። የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና አልገብርም ብሎ ስለ ነበረ ውጊያው እጅግ ብርቱ ሆነ፤ ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ ሰውና ከብት ተማረከ፤ ካዎ ጦናም ቈስሎ ተይዞ ወደ አዲስ አበባ ተወሰደ። ከዚህ በኋላ 15 ወር ያህል ቈይቶ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ያው ንጉሠ ነገሥት፣ ከዚያው ሠራዊት ብዙውን ይዞ፣ በዐድዋ ኢጣሊያን ድል አደረገ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ መሪ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የተደረጉ ናቸው። የዐድዋን ድል ከኢትዮጵያ አልፎ የጥቁር ሕዝብ ሁሉ መመኪያ አድርጎ የሚያሳይ ተራኪ፣ በዚያው ምሽት በሻንቶ የተቀመጠ ተመልካች የአያቱ አባት የት እንደ ወደቀ እንደሚያስብ መዘንጋት የለበትም። ያ ተመልካች የዐድዋን ድል አይጠላም፤ የርሱም ነው። ነገር ግን የበርንስ ፊልም ጥቁሩን አሜሪካዊ እንዳደረገው፣ በሥዕሉ ውስጥ ራሱን ሳያገኝ ቢቀር መሣሪያውን ሊዘጋው ይችላል።

ማስረጃ የለም የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በዐፄ ምኒልክ ታሪክ ውስጥ ዘመቻውን በንጉሡ ወገን ሆነው ጽፈውታል። ቫንደርሄም የተባለ ፈረንሳዊ ነጋዴ ደግሞ ከጦሩ ጋራ አብሮ ሄዶ ያየውን በመጽሐፍ አወጣ፤ መጽሐፉ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1896 በፓሪስ ታትሟል፤ ሥዕሎቹም እርሱ ራሱ ካነሣቸው ፎቶግራፎች የተወሰዱ ናቸው። የጦሩን ጭካኔ ሳይሸፍን የጻፈ ስለ ሆነ፣ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው አንዱ የዘለለውን ከሌላው ያገኛል። በርንስ በፎቶግራፍ ላይ የሠራውን ብልሃት በነዚህ ሥዕሎች ላይ መሥራት ይቻላል። የሚጎድለው የሳሊቫን ባሉን የመሰለ ደብዳቤ ነው። በዚያን ዘመን ወላይትኛ የሚጻፍበት ፊደል አልነበረውም፤ ስለዚህ ከወላይታ ወገን ለሚስቱ የጻፈ ተዋጊ አይገኝም። በደብዳቤው ፈንታ ያለው የሽማግሌው ቃል ነው።

የስሙም ነገር አለ። በዚያን ጊዜ መጻሕፍት አገሩ «ወላሞ» እየተባለ ይጻፍ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ይህን ስም አይቀበለውም። አሮጌውን ጽሑፍ የሚያነብ ተራኪ ቃሉን እንዳለ ከማንበቡ በፊት ይህን ማስረዳት ይገባዋል። የቋንቋውም ነገር እንደዚሁ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. ወላይትኛ፣ ጋሞኛ፣ ጎፍኛና ዳውሮኛ ተቀላቅለው «ወጋጎዳ» በሚል ስም ለትምህርት ቤት መጽሐፍ በተዘጋጀ ጊዜ፣ በሶዶ ብርቱ ተቃውሞ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ መጽሐፉም ቀረ፤ ብዙም ሳይቈይ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። አራቱ ቋንቋዎች የተቀራረቡ መሆናቸውን ሊቃውንት ያውቃሉ፤ ያዘጋጁትም ሰዎች ወጪ ለመቀነስ አስበው ይሆናል። ሕዝቡ ግን በልጁ መጽሐፍ ውስጥ የራሱን አፍ አላገኘውም። ፊልሙ በአማርኛ ብቻ ተተርኮ ወደ ወላይታ ቢላክ፣ ሽማግሎቹም በአማርኛ እንዲመሰክሩ ቢገደዱ፣ ከቃላቸው የሚቀረው ጥቂት ነው። በወላይትኛ ተናግረው ትርጉሙ ከበታች ቢጻፍ ወይም ተራኪው ቢተረጉመው ግን የሚጠፋ ነገር የለም።

የመጨረሻው ሥዕል ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ አዘጋጆቹን ብዙ ያከራክራቸዋል። ካዎ ጦና ተማርኮ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ ቢታይ አንዱ ወገን ይከፋዋል። ሁሉም በዐድዋ ሜዳ ተሰልፎ ቢታይ የጌቲስበርጉ መጨባበጥ ይደገማል፤ በዚያ ሥዕል የሌለው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ይነሣል። በመስከረም የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲከበር ቢያልቅም ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ያለፈውን በጭፈራ እንደ መሸፈን ሊቈጠር ይችላል። ምናልባት ሁለቱን ቀኖች፣ የወላይታውንና የዐድዋውን፣ በአንድ ክፍል ውስጥ አከታትሎ አሳይቶ፣ ተራኪው ዝም ቢል ይሻላል።

ከዘመቻው እስከ ዛሬ 130 ዓመት አልፏል። ያዩት ሁሉ ሞተዋል፤ ካዩት የሰሙት ልጆችም ሞተዋል። ከልጆቹ የሰሙት የልጅ ልጆች ግን በዳሞታ ዙሪያ፣ በሻንቶና በሶዶ መንደሮች፣ አንዳንዶቹ ሰማንያ ዓመት አልፏቸው በሕይወት አሉ። የነዚህን ሽማግሎች ቃል በመቅረጫ ለመያዝ የሚያስፈልገው አንድ መሣሪያ፣ ወላይትኛ የሚያውቅ አንድ ጠያቂና ጥቂት ወር ጊዜ ነው። ፊልሙ ከአሥር ዓመት በኋላ ቢሠራም የተቀረጸው ቃል ተቀምጦ ይጠብቀዋል።