ጢስ መሞቅና ቅቤ መቀባት፤ በላስታ ደጋ የሴቶች መዓዛ

በአማርኛ ሽቶ «ይቀባል» ወይም «ይረጫል» ይባላል፤ ጢስ ግን «ይሞቃል»። በወሎና በጎንደር አገር ሴት ገላዋን በእንጨት ጢስ ስታጥን «ጢስ ሞቀች» ይባልላታል። ይህ አነጋገር እንዲያው በዘፈቀደ የመጣ አይደለም፤ በብርድ አገር መዓዛና ሙቀት ከአንድ ፍም የሚገኙ መሆናቸውን ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። ሽቶ ማለት በብልቃጥ የታሸገ ፈሳሽ ብቻ ነው ብሎ የሚነሣ ተመራማሪ የላስታ ሴት ሽቶ አልነበራትም ብሎ መመዝገቡ አይቀርም። ነገር ግን ነበራት፤ ያውም ለአገሩ አየር የተስማማና ለድኻም የማይከብድ።

የላሊበላ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ አላት፤ ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራም ከ4,200 ሜትር ያልፋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ቀኑ ፀሐያማ ቢሆንም ፀሐይ እንደ ጠለቀች ብርዱ ይበረታል። በድንጋይ በተሠራው ክብ የላስታ ቤት ውስጥ ምሽቱ የሚያልፈው በምድጃ ዙሪያ ነው። ወደ ምዕራብ አገሩ እየወረደ ወደ ተከዜ ቆላ ይደርሳል። ስለዚህ ደጋው ቅቤን፥ ቆላው እንጨትንና ሙጫን፥ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ነጋዴ ደግሞ ቅመምን ያቀርባል፤ ሦስቱም በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ይገናኛሉ።

የመዓዛው መሠረት ቅቤ ነው። በገበያ ቅቤ ለጋ፥ መካከለኛና በሳል እየተባለ ይለያል፤ ለራስ የሚመረጠው ለጋው ሲሆን በሳሉ ለወጥ ይውላል። የደረቀ የአደስ ቅጠል ተወቅጦና ተነፍቶ ከለጋው ቅቤ ጋር ይለወሳል። እንደ ባለቤቲቱ ምርጫም አሪቲ፥ ጠጅ ሳር ወይም ጥቂት የተደቆሰ ቅርንፉድ ይጨመርበታል። ሹሩባው ከተሠራ በኋላ ቅቤው በአናት ላይ ይደረግና በስፌቱ መካከል እንዲገባ በጣት ይዳሰሳል። ቅቤ የሚቀልጠው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ነው፤ ይህም ከሰው ገላ ሙቀት ጥቂት ዝቅ ያለ ነው። በመሆኑም በውጭ ብርድ ረግቶ ይቆይና ሴትየዋ ከእሳት ዳር ስትቀመጥ ቀስ በቀስ እየለሰለሰ የያዘውን መዓዛ ይለቅቃል።

ይህን የስብ ጠባይ ፈረንጆችም ያውቁታል። በፈረንሳይ አገር በግራስ ከተማ የሽቶ ቀማሚዎች የጃስሚንን አበባ በንጹሕ ሞራ ላይ እየደረደሩ መዓዛውን ስቡ እንዲስበው ያደርጉ ነበር፤ ስቡ መዓዛን ይይዛልና፥ ቶሎም አይለቅምና። በአልኮል የተበጠበጠ ሽቶ ግን አልኮሉ ወዲያው ስለሚተን የመጀመሪያው ሽታ ፈጥኖ ያልፋል። በካርቱም እ.ኤ.አ. በ1920 ገደማ የተቀመመው «ቢንት ኤል ሱዳን» የተባለው ርካሽ የሴቶች ሽቶ በአፍሪካ እጅግ የተስፋፋው አልኮል የሌለበት፥ በዘይት የተዘጋጀ በመሆኑም ጭምር ነው። የላስታ ሴት ቅቤ የዚሁ ዘይት ታላቅ እኅት ናት ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ከገበያ የሚገዛው ጥቂት ነው፤ ጣፋጩና የሚያሞቀው ሽታ የሚመጣው ግን ከዚህ ጥቂት ነው። ቅርንፉድ የኢትዮጵያ ተክል አይደለም። የተገኘበት አገር ሞሉካ የተባሉት የኢንዶኔዥያ ደሴቶች ሲሆኑ በ19ኛው መቶ ዓመት ዛንዚባር ዋና አምራች ሆነች። ወደ ደጋው አገር የገባውም ከቀይ ባሕር ወደቦች በነጋዴ ጭነት ነበር። ቅርንፉዱ በውሃ ተዘፍዝፎ ከለሰለሰ በኋላ በመርፌ እየተወጋ በክር ይሰካና በአንገት ይታሰራል። የገላ ሙቀት ዘይቱን እያወጣው ስለሚሄድ አንድ ጊዜ የተሰካው ድሪ ለረጅም ጊዜ ያገለግላል። በቅርንፉድ ውስጥ ያለው ዩጂኖል የተባለ ንጥረ ነገር የጥርስ ሐኪሞች ለሕመም ማስታገሻ የሚጠቀሙበት ነው፤ ስብም ቶሎ እንዳይበላሽ ይከላከላል። እንግዲህ ከቅቤው ጋር የሚደባለቀው ለሽታው ብቻ አይደለም።

ሉባንጃም እንዲሁ የሩቅ አገር ስም የተሸከመ ነው። ዐረቦች «ሉባን ጃዊ» የሚሉት የጃቫ ዕጣን ማለታቸው ሲሆን ፈረንጆች «ቤንዞይን» የሚሉትም ከዚሁ ቃል የወጣ ነው። በፍም ላይ ሲጣል ቫኒላ የሚመስል ጣፋጭ ሽታ ይሰጣል። ዕጣን ግን ከቅርብ ይገኛል፤ ዛፉ በዋግ ቆላ፥ በአበርገሌና በዝቋላ ይበቅላል። እነዚህ ሁሉ በስኒ እየተሰፈሩ ወይም በቁንጥር የሚሸጡ ስለሆኑ ድኻዪቱም ትደርስባቸዋለች። በአንጻሩ የኢትዮጵያ እውነተኛ ውድ ሽቶ የነበረው ዝባድ ከደቡብና ከምዕራብ አገር በበሬ ቀንድ እየተሞላ ለውጭ ንግድ ይላክ ነበር፤ የፓሪስ ሴቶች ሳያውቁት ሲቀቡት ለላስታዋ ባላገር ስሙ ብቻ ነበር የሚደርሳት።

ወደ ጢሱ ሲመጣ አንድ ግስ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ «ማጠን» የሚለው። ዕጣን የሚለው ስምም የዚሁ ዘር ነው። የወተት ዕቃ በወይራ እንጨት ጢስ ይታጠናል፤ ጠላ የሚጠመቅበት ጋንም ይታጠናል፤ የሴት ገላና ልብስም ይታጠናል። በዕቃው ዘንድ የሚፈለገው መልካም ጣዕምና ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ መከላከል ነው፤ ጢሱም በእርግጥ ተሕዋስያንን ይቀንሳል። በገላ ዘንድ የሚፈለገው መጥራት፥ መፍካትና መሽተት ነው። ቤቱን የምታጠራው ሴት ራሷንም በዚያው እንጨትና በዚያው ጥበብ ታጠራለች ማለት ነው። ይህን ዝምድና የሚያጠና ሰው ወጥ ቤትንና ጌጥን በሁለት ክፍል ለያይቶ ቢጽፍ ነገሩን ያጣዋል።

ለገላ ከወይራ ይልቅ ወይባ ይመረጣል። ወይባ የቆላ ዛፍ ስለሆነ ፍልጡ ወደ ደጋ የሚወጣው ከቆላው አገር ነው። በቤቱ ወለል ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈርና ፍም ተደርጎበት እንጨቱ ይጨመርበታል። ሴትየዋ ቅባት ተቀብታ ከላዩ ትቀመጥና ከአንገቷ በታች በወፍራም ልብስ ትሸፈናለች። ላቧ ሲወርድ ጢሱ በቆዳዋ ላይ ያርፋል፤ መልኩም ወደ ቢጫነት ያደላል። መነኮሳት የሚለብሱት ብጫ ልብስም ወይባ መባሉ እዚህ ላይ ሳይታወስ አይታለፍም። በሱዳን ሴቶች ዘንድ «ዱኻን» የሚባለው ልማድ የዚህ ቅርብ ዘመድ ነው። ነገር ግን ቤቱ ተዘግቶ የከሰል ፍም ከተተወ ጢሱ ሰውን ይመርዛልና በር ገርበብ ማለቱ ግድ ነው።

ጢስ በተለይ የሙሽራና የአራስ ነው። ሙሽራዪቱ ለአዲሱ ኑሮ ትዘጋጅበታለች፤ አራሷ ደግሞ በወሊድ የደከመ ገላዋን ታጸናበታለች። ሐዘንተኛ ሴት በአንጻሩ ቅቤ አትቀባም፤ ጠጉሯን ትላጫለች ወይም ሳትሠራው ትተወዋለች። ስለዚህ በምሽት ቡና ላይ የምትቀመጥ ሴት ምን ኑሮ ላይ እንዳለች ጎረቤት ሳይጠይቅ በሽታዋ ያውቃል። መዓዛ አለመኖሩም ራሱ ንግግር ነው።

የውጭ ተጓዦች በቅቤው ላይ ብዙ ጊዜ ፈርደዋል፤ አብዛኞቹ እንደ እድፍ ቈጥረውታል። እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ ግን እ.ኤ.አ. በ1853 ባሳተመው መጽሐፉ እርሱ ራሱ በኢትዮጵያ ሳለ ጠጉሩን በቅቤ ይቀባ እንደ ነበር ይተርካል። ተጓዦቹ ያማረሩት ሽታ በአብዛኛው የሰነበተ ቅቤ ሽታ ሳይሆን አይቀርም፤ ለጋውንና የሰነበተውን ለይተው ሳይጠይቁ ስለ ሁሉም አንድ ቃል ጻፉ። ጉዳቱ ግን በመጽሐፍ አልቀረም። ቅቤ መቀባት የኋላ ቀርነት ምልክት ነው የሚለው አሳብ ወደ ከተሞቻችንም ገብቶ ልጃገረዶች ከእናታቸው መጠኑንና ቅመማውን ሳይማሩ እንዲያልፉ አድርጓል፤ ይህ ዕውቀት ደግሞ በእጅ እንጂ በጽሑፍ የተቀመጠ አይደለም።

ዛሬ በአዲስ አበባ የውበት ቤቶች ወይባ ጢስ በክፍያ ይሞቃል፤ በላስታ ግን ከጎረቤት ጋር በነፃ የሚደረግ ነበር። ፍላጎቱ ከታደሰ የሚያሠጋው ዛፉ ነው። በዕጣን ዛፍ ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ጥናት በኢትዮጵያና በሌሎች አገሮች በአብዛኛው ስፍራ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ችግኝ ወደ ዛፍነት እንዳላደገ አሳይቶ፥ የሙጫው ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል ገምቷል። ምክንያቶቹ ከልክ ያለፈ መድማት፥ እሳትና ከብት ናቸው፤ ቡቃያውን ከብቱ ይግጠዋል፥ የቀረውን እሳት ይበላዋል፥ አሮጌው ዛፍ ብቻውን ቆሞ እየደማ ይቀራል።