የግቢና የመናፈሻ እንክብካቤ ተቋራጮች ስለሚያስፈልጋቸው ሥልጠናና ብቃት

በመሥሪያ ቤቶች፥ በትምህርት ቤቶች፥ በሐኪም ቤቶችና በመንገድ ዳር ያለውን መሬት ማረም፥ ሣር ማጨድ፥ ችግኝ መትከልና ውሃ ማጠጣት ከሥራ ሁሉ የቀለለ መስሎ ይታያል። ስለዚህም ብዙ ጊዜ ዝቅተኛውን ዋጋ ላቀረበ ተቋራጭ በጨረታ ይሰጣል፤ ስለ ሰውዬው ዕውቀት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ያልሠለጠነ እጅ የሚያደርሰው ጥፋት ከግቢው አጥር አልፎ ወደ ገበሬው ማሳ የሚገባ ስለ ሆነ፥ ነገሩን ሹማምንት ሁሉ ሊያስቡበት ይገባል።

ለምሳሌ በሰሜን ወሎ በሐብሩ ወረዳ ያለውን የግራናን አገር እንመልከት። ይህ አገር ከቆቦ ጋራ በአንድነት የቆቦ ግራና ሸለቆ ልማት በሚባለው ሥራ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፥ ከመሬት በሚወጣ ውሃ የሚለማ የመስኖ እርሻ አለበት። እንዲህ ባለው ሥፍራ መንገዱ፥ የትምህርት ቤቱ ግቢ፥ የውሃው ቦይና ማሳው ጎን ለጎን ናቸው።

በሰሜን ወሎ ቆላ ገበሬውን እጅግ ካስቸገሩት መጤ አረሞች አንዱ ቅንጨ አረም፥ በሳይንስ ስሙ ፓርቴኒየም የተባለው ነው። የዘር አገሩ በአሜሪካ ክፍለ ዓለም ሲሆን፥ አንዱ እግር ከ10 ሺህ በላይ ፍሬ ሊያፈራ ይችላል፤ ከበቀለም በኋላ በአንድ ወር ገደማ ሊያብብ ይችላል። ፍሬው ደቃቅ ስለ ሆነ በጎርፍ፥ በጫማ ላይ በተጣበቀ ጭቃ፥ በመኪና ጎማና በታጨደ ሣር ይጓዛል። የሚነካውንም ሰው ቆዳ ያሳክካል፥ ትንፋሽም ያውካል።

እንግዲህ ያልሠለጠነ ተቋራጭ አረሙ አብቦ ካፈራ በኋላ መጥቶ በማጭድ ቢቆርጠው፥ ግቢው ለጊዜው የጸዳ ይመስላል፤ ተረካቢውም አይቶ ይፈርማል። ነገር ግን ፍሬው በመሬት ላይ ረግፏል፥ የቀረው ጉቶ እንደ ገና ያቆጠቁጣል፥ ተጠርጎ በቦይ ዳር የተጣለውም ቆሻሻ ከውሃው ጋራ ወደ ማሳ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ከመንግሥት ሣጥን የወጣው ገንዘብ አረም ለማጥፋት ሳይሆን አረም ለመዝራት የዋለ ይሆናል።

ስለዚህ ተቋራጩና ሠራተኞቹ ቢያንስ የሚከተሉትን አራት ነገሮች ማወቅ አለባቸው።

አንደኛ፥ ተክልን ከአረም መለየትና ጊዜውን ማወቅ ነው። ቅንጨ አረም ከማበቡ በፊት፥ መሬቱ በረጠበ ጊዜ፥ እጅን በጓንት ሸፍኖ ከነሥሩ ይነቀላል።

ሁለተኛ፥ የውሃና የችግኝ አያያዝ ነው። ይኸውም ጉድጓድ አስቀድሞ ማዘጋጀት፥ በክረምት ዝናብ መትከል፥ በበጋም በማለዳ ወይም በምሽት ማጠጣት ነው።

ሦስተኛ፥ የመድኃኒት አጠቃቀም ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የጸረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ያልተመዘገበ መድኃኒት በሥራ ላይ እንዳይውል ስለሚከለክል፥ የአረም መድኃኒት የሚረጭ ሰው በዕቃው ላይ የተጻፈውን መመሪያ አንብቦ የሚረዳ፥ ነፋስንና ቦይን የሚጠነቀቅ መሆን አለበት።

አራተኛ፥ የሠራተኛ ደኅንነት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ ዕቃ ማቅረብን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል።

ብቃትን ስለ መመርመር፥ የንግድ ፈቃድና የሙያ ብቃት አንድ እንዳልሆኑ ማስተዋል ያስፈልጋል። የንግድ ፈቃድ ሰውዬው ለመነገድ የተፈቀደለት መሆኑን ያሳያል እንጂ ችግኝ ማጽደቅ መቻሉን አያሳይም። የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ግን በምዘና፥ ይልቁንም በተግባር ፈተና፥ የሚገኝ ነው። ምዘናውም በትምህርት ቤት ለተማሩ ብቻ ሳይሆን ሙያውን በሥራ ላይ ለለመዱትም የተፈቀደ ነው። ስለዚህ ከልጅነቱ ጀምሮ አትክልት ሲኮተኩት የኖረ የአገሩ ሰው ምስክር ወረቀት የለውም ተብሎ ከመገፋት ይልቅ፥ እንዲመዘን መንገዱን ማሳየት ይገባል። የግራና ሰዎች በዚሁ በሐብሩ ወረዳ የመርሳ የግብርና ኮሌጅና የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ስላሏቸው፥ የወረዳው ሹማምንት ምክርና አሠልጣኝ ለመፈለግ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልጋቸውም።

በመጨረሻም ውሉ ሥልጠናውን እንዲደግፍ ሆኖ መጻፍ አለበት። በጨረታው ሰነድ የብቃት ማረጋገጫ ይጠየቅ፤ የሠራተኞቹም ችሎታ በመሬት ላይ ይታይ። ክፍያውም በተቆጠረው የሥራ ቀን ብቻ ሳይሆን፥ ከፊሉ በጋው አልፎ የጸደቀው ችግኝ እስኪቆጠር፥ አረሙም ዳግመኛ አለመብቀሉ እስኪመረመር ይቆይ። የተነቀለው አረም የሚወገድበት ሥፍራ፥ ከቦይና ከማሳ የራቀ ሆኖ፥ በውሉ ውስጥ በግልጽ ይወሰን።

ርካሽ ዋጋ ሁልጊዜ ቁጠባ አይደለም። ባልሠለጠነ ሰው የተያዘው ግቢ ኪሳራውን የሚከፍለው በጎረቤቱ ገበሬ ማሳ ነውና፥ ጨረታ የሚከፍት ሹም ሁሉ ከዋጋው አስቀድሞ ሙያውን ይመርምር።