ሄድፎን አፍ ሲያወጣ

ሄድፎንን ከሄድሴት የሚለየው ማይክ ብቻ ነው። ሄድፎን ያሰማል፤ ሄድሴት ያሰማልም፣ ያናግራልም። ለሙዚቃ ብሎ የገዛው ጥሩ ሄድፎን ያለው ሰው በዙም መሰብሰብ፣ በኢንተርኔት መማር ወይም በስልክ ማስተርጎም ሲጀምር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ሄድሴት ግዛ» የሚል ነው። ምክሩ ያለ አስፈላጊ ምክንያት ገንዘብ ያስወጣል። ሄድፎኑ ከማይክ በቀር የጎደለው ነገር የለም፤ ማይኩ ደግሞ በገመድ ሊጨመር ይችላል። እንዲያውም በአንድ ዋጋ ከሚሸጡ ሄድፎንና ሄድሴት ሄድፎኑ በድምፅ ጥራት የሚበልጥበት ጊዜ ይበዛል፤ የሄድሴቱ ዋጋ ከፊሉ ለማይኩና ለመልኩ የሚወጣ ነውና።

ነገሩ የሚጀምረው ከገመዱ ጫፍ፣ ከጃኩ ነው። ጃኩን ወደ ዓይን አቅርቦ ላየው ብረቱ አንድ ወጥ አይደለም፤ በቀጫጭን የፕላስቲክ ቀለበቶች ተከፋፍሏል። ቀለበቶቹ ሁለት ከሆኑ ብረቱ ሦስት ቦታ ተከፍሏል ማለት ነው። ሹሉ ጫፍ የግራ ጆሮ ነው፣ መካከለኛው የቀኝ ጆሮ፣ ከግርጌ ያለው ሰፊ ክፍል ደግሞ ሁለቱም ድምፆች የሚመለሱበት የጋራ መስመር፣ ማለትም ግራውንድ ነው። ቀለበቶቹ ሦስት ከሆኑ ግን ብረቱ አራት ቦታ ተከፍሏል፤ የተጨመረው ክፍል የማይኩ ነው። ስለዚህ አንድ ገመድ ማይክ ያስተላልፍ እንደሆነ ለማወቅ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም፤ ቀለበቶቹን መቁጠር ይበቃል።

የዚህ ጃክ ዕድሜ ረጅም ነው። አባቱ የሆነው 6.35 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጃክ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የስልክ ኦፕሬተሮች ደንበኛን ከደንበኛ ለማገናኘት በትልቅ ሰሌዳ ላይ እየሰኩ የሚነቅሉት ነበር፤ ዛሬም በጊታርና በድምፅ ማጉያዎች ላይ ይታያል። 3.5 ሚሊሜትር የሆነው ትንሹ ጃክ መጀመሪያ ከትንንሽ ሬዲዮኖች ጋር መጣ፤ ሶኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ዎክማንን ካወጣ በኋላ ዓለምን አዳረሰ። ሞባይል ስልክ ሙዚቃ ማጫወቻም ሲሆን ማድመጫና መናገሪያ በአንድ ቀዳዳ እንዲያልፉ ተፈለገና አራተኛው ክፍል ታከለ።

አራቱ ክፍሎች ግን በሁሉም ገመድ ላይ በአንድ ቅደም ተከተል አልተደረደሩም፤ ብዙ ሰው ግራ የሚጋባውም እዚህ ላይ ነው። ሲቲአይኤ በሚባለው አደራደር ማይኩ ከሁሉ በታች፣ ግርጌው ላይ ይሆናል፤ ግራውንዱ ከእሱ በላይ ነው። ኦኤምቲፒ በሚባለው አሮጌ አደራደር ደግሞ ሁለቱ ቦታ ይለዋወጣሉ። አፕል፣ ሳምሰንግና ዛሬ የሚሸጡት ስልኮች አብዛኞቹ የሚከተሉት የመጀመሪያውን ነው፤ ሁለተኛው በቀድሞዎቹ የኖኪያና የሶኒ ኤሪክሰን ስልኮች ላይ ነበር። አሮጌ ገመድ አዲስ ስልክ ላይ ሲሰካ የሚፈጠረው ነገር አንድ ጊዜ የሰማው ሰው አይረሳውም። ሙዚቃው አለ፣ ዘፋኙ ግን የለም፤ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ምክንያቱም ሁለቱ ጆሮዎች የሚመለሱበት መስመር ስለተቋረጠ የሚሰማው በግራና በቀኝ መካከል ያለው ልዩነት ብቻ ነው፤ የዘፋኙ ድምፅ ደግሞ በሁለቱም በኩል እኩል የተቀዳ ስለሆነ ይጠፋል። የማይኩን ቁልፍ ተጭኖ ሲይዙት ዘፋኙ ይመለሳል፤ ሲለቁት እንደገና ይጠፋል። ይህ ምልክት ከታየ ሄድፎኑም ስልኩም ደህና ናቸው፤ የሚያስፈልገው ሁለቱን ክፍሎች የሚያለዋውጥ አጭር ገመድ ነው።

በእነዚህ ገመዶች ላይ ያለው ማይክ ኤሌክትሬት የሚባለው ዓይነት ነው። ጌርሃርድ ሴስለርና ጄምስ ዌስት በአሜሪካው ቤል ላብስ እ.ኤ.አ. በ1962 የፈለሰፉት ሲሆን፣ ከባቄላ ፍሬ የማይበልጥ የብረት ቆብ ውስጥ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ለዘለቄታው የያዘ ስስ ሽፋን ተወጥሮበታል። ድምፅ ሽፋኑን ሲያርገበግበው የሚፈጠረውን የኤሌክትሪክ ምልክት ውስጡ ያለች ትንሽ ትራንዚስተር ታጎላዋለች። ትራንዚስተሯ ለመሥራት ጥቂት ቮልት ትፈልጋለች፤ ይህንን የሚሰጣት ስልኩ ራሱ ነው፣ ድምፁ በሚመጣበት በዚያው ሽቦ። የመድረክ ወይም የካራኦኬ ማይክ በቀጥታ ስልክ ላይ ቢሰካ የማይሠራውም በዚሁ የተነሳ ነው፤ አሠራሩም፣ የሚልከው የምልክት መጠንም ስልኩ ከሚጠብቀው የተለየ ነው። አንገትጌ ላይ የሚቆነጠጠው ትንሽ ማይክ ግን ኤሌክትሬት ስለሆነ ጃኩ አራት ክፍል ካለው ይሠራል።

ስልኩ ማይክ መኖሩን የሚያውቀውም በዚያው መስመር ነው። ባለ ሦስት ክፍል ጃክ ሲሰካ ሰፊው ግርጌ የማይኩን ቦታ ከግራውንዱ ጋር ያገናኘዋል፤ ስልኩም ማይክ እንደሌለ ተረድቶ የራሱን ይከፍታል። ተራ ሄድፎን ሰክቶ የሚያወራ ሰው ሌላው ወገን የሚሰማው በስልኩ ማይክ ስለሆነ፣ ስልኩ ኪስ ውስጥ ከገባ ድምፁ ይታፈናል። የመደወያና የማቆሚያ ቁልፉም እንዲሁ ማይኩን ለአፍታ ከግራውንድ ጋር ማገናኘት ነው። በአንድሮይድ ስልኮች ድምፅ መጨመሪያው ወደ 240 ኦም፣ መቀነሻው ወደ 470 ኦም የሚሆን መከላከያ (ሬዚስተር) በዚያው መስመር ላይ ያስገባል። አፕል ለእነዚህ ሁለት ቁልፎች ሌላ ዘዴ ስለሚጠቀም ለአይፎን የተሠራ ገመድ አንድሮይድ ላይ ሲሰካ መካከለኛው ቁልፍ ብቻ የሚሠራበት ጊዜ አለ። ማይኩ ግን በሁለቱም ላይ ይሠራል።

ገመዱ የሚነቀል ሄድፎን ያለው ሰው ሥራው ቀላል ነው፤ ገመዱን ነቅሎ ማይክ ያለበትን ይተካል። ለዚህ የሚሸጡት ገመዶች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ደረት ወይም አገጭ አካባቢ የሚንጠለጠል ትንሽ ማይክ ያለው ነው። ሌላው ከሄድፎኑ ጉንጭ ተነስቶ እስከ አፍ የሚደርስ ተጣጣፊ ክንድ ያለው ሲሆን፣ የቪ ሞዳ ኩባንያ ቡምፕሮ የታወቀው ምሳሌ ነው። ከመግዛት በፊት መታየት ያለበት የሄድፎኑ ቀዳዳ ነው። ፊሊፕስ ኤስኤችፒ9500 ተራ የ3.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ስላለው ክንድ ያለው ገመድ በቀጥታ ይገባበታል። ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲኤች ኤም50ኤክስ ግን ቀዳዳው 2.5 ሚሊሜትር ነው፣ በዚያ ላይ ጃኩ ገብቶ ሲዞር የሚቆለፍ ስለሆነ ተራው ገመድ አይሆነውም። በግራና በቀኝ ሁለት ገመድ የሚቀበሉ ሄድፎኖችም አሉ። የቀዳዳው ልቅነትም ይፈተሽ፤ የማይኩን ክንድ የሚሸከመው ጃኩ ብቻ ነውና ቀዳዳው ከላላ ክንዱ በተናገሩ ቁጥር ወደ ታች ይወርዳል።

ገመዱ የማይነቀል ከሆነ ማይኩ ለብቻው ይለጠፋል። አንትሊዮን የሚባለው ኩባንያ ሞድማይክ ብሎ የሚሸጠው ሄድፎኑ ላይ በሚለጠፍ ማግኔት የሚያዝ ክንድ ነው፤ ሲፈለግ ይነሳል። የማይኩ ገመድ ከሄድፎኑ ገመድ ጋር አብሮ እየታሰረ ይወርዳል፤ ሁለቱ ጃኮች በሹካ ቅርጽ በተሠራ ማገናኛ ተሰብስበው ወደ አንድ ባለ አራት ክፍል ጃክ ይለወጣሉ። ኮምፒውተሩ አረንጓዴና ሮዝ ቀዳዳ ያለው ዴስክቶፕ ከሆነ ማገናኛው እንኳ አያስፈልግም፤ ሄድፎኑ አረንጓዴው ላይ፣ ማይኩ ሮዙ ላይ ይሰካል። በአንጻሩ ባለ አራት ክፍል ጃክ ለእንዲህ ያለው ኮምፒውተር ተቃራኒውን፣ አንዱን ወደ ሁለት የሚከፍል ገመድ ይፈልጋል። እነዚህ ሁለት ገመዶች ከሩቅ ሲታዩ መንታ ስለሚመስሉ ሱቅ ላይ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ፤ መለያው ሁለቱ ጫፎች ወንዴ ወይስ ሴቴ መሆናቸው ነው። የጃክ ቀዳዳ ለሌለው ስልክ፣ ለምሳሌ አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 ላወጣው አይፎን 7፣ በቻርጀሩ ቀዳዳ የሚገባ ማስማሚያ ያስፈልጋል። ማስማሚያው ማይክም የሚቀበል መሆኑ ሳይጠየቅ መገዛት የለበትም፤ ማሰማት ብቻ የሚችሉ አሉ።

ከሁሉ ርካሹ መንገድ በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ የሚገኝ ነው፤ አንድ ጆሮው የሞተ የስልክ ኢርፎን። እንዲህ ያለው ኢርፎን ብዙ ጊዜ ማይኩና ቁልፉ ጤነኛ ናቸው። ማይኩ ያለበት ቅርንጫፍ ከማይኩ ጥቂት ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ይቆረጣል፤ ሌላኛው ቅርንጫፍም እንዲሁ። ከማይኩ በላይ በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ የሚቀሩት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው፣ አንዱ የድምፅ፣ ሌላው የግራውንድ። እነሱ ከሄድፎኑ ሽቦዎች ጋር ይያያዛሉ።

ሽቦዎቹ ግን እንደ መብራት ገመድ ሽቦ አይደሉም። ሲላጡ ከፀጉር የቀጠኑ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ክሮች ይወጣሉ፤ ገመዱ እንዳይበጠስ የሚያጠነክሩ የናይሎን ክሮችም አብረው ተገምደዋል። ቀለሙ ጌጥ ሳይሆን ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ቫርኒሽ ነው። ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል ድምፅ የማይሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። መበየጃው በደንብ ግሎ፣ ጫፉ ላይ ትኩስ የብየዳ እርሳስ እንደ ጠብታ ተይዞ፣ የሽቦው ጫፍ ጠብታው ውስጥ ጥቂት ሰከንድ ሲቆይ ቫርኒሹ ይጤስና ይነሳል፤ ሽቦው ብርማ ሲሆን ለብየዳ ደርሷል። ቀይ ብዙ ጊዜ የቀኝ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የግራ፣ መዳብማው ደግሞ የግራውንድ ነው። ፋብሪካዎች ግን ቀለም እንደፈለጉ ስለሚለዋውጡ ዳኛው መልቲሜትር መሆን አለበት። በአንድ ጆሮና በግራውንዱ መካከል ሲለካ በአሥሮች የሚቆጠር ኦም ካሳየ መስመሩ ደህና ነው፤ ዜሮ ካሳየ ተነካክቷል፤ ምንም ካላሳየ ተቋርጧል። በአንድ ጆሮ በኩል ብቻ የድምፁና የግራውንዱ ሽቦ ከተለዋወጡ ሁለቱም ጆሮዎች ይሰማሉ፣ ነገር ግን ባሱ ይሳሳል፤ ድምፁም ጭንቅላት መካከል መቀመጥ ሲገባው የተበታተነ ይሆናል። ብየዳው እንዳለቀ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ለብቻው ይሸፈናል፤ ገመዱ ሲጎተት ኃይሉ ብየዳው ላይ እንዳያርፍም ሄድፎኑ ውስጥ ይቋጠራል።

በብሉቱዝ ዘመን ይህን ያህል ስለ ገመድ መጨነቅ ትርፍ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ብሉቱዝ ሄድፎን ሙዚቃ ሲያሰማ ጥሩ ነው፤ ማይኩ ሲከፈት ግን በተለመደው አሠራር ወደ ሌላ ዓይነት ግንኙነት ይዞራል። ድምፁ ስቴሪዮ መሆኑ ይቀራል፤ ድምፅ በሰከንድ የሚለካበት ቁጥርም ወደ 16 ሺህ፣ በአሮጌዎቹ ደግሞ ወደ 8 ሺህ ይወርዳል። በ8 ሺህ ከ4 ኪሎኸርዝ በላይ ያለ ድምፅ አያልፍም፤ ሰን ከፈ የሚለየው ፉጨት ደግሞ አብዛኛው ከዚያ በላይ ነው። «ሰላ» እና «ፈላ» የሚምታቱት ስለዚህ ነው። ከጓደኛ ጋር ለሚጨዋወት ሰው ይህ ምንም አይደለም። በአሜሪካ ለሆስፒታል ወይም ለፍርድ ቤት በስልክ ለሚያስተረጉም አማርኛ ተናጋሪ ግን በአንድ ፊደል ስም ይለወጣል፣ የመድኃኒት መጠን ይሳሳታል። በገመድ የሚመጣ ድምፅ በዚህ ወንፊት አያልፍም።

ጥሩ ገመድ እንኳ ማይኩ ያለ ቦታው ከዋለ አይጠቅምም። የአፍና የማይክ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የድምፁ ጉልበት 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ የክፍሉ ጫጫታ ግን ባለበት ይቆያል። ተስማሚው ቦታ ከከንፈር ጥግ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ራቅ ብሎ በጎን በኩል ነው። ልክ አፍ ፊት ከሆነ በፐ የሚወጣው ትንፋሽ ይመታዋል፤ የስፖንጅ ቆብ ይህን ይቀንሳል። አንገት አካባቢ የሚንጠለጠለው ማይክ ጨርቅ እንዳያሸው ኮሌታ ላይ ቢቆነጠጥ ይሻላል። ጀርባው ክፍት የሆነ ሄድፎን ደግሞ ድምፅ ወደ ውጭ ያወጣል፤ ከፍ አድርገው ከሰሙበት ማይኩ የሌላውን ሰው ድምፅ ለቅሞ እንደ ገደል ማሚቶ ይመልስበታል።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ የትኛው ማይክ እንደሚሠራ ይረጋገጣል፤ ስልኩም ሆነ ላፕቶፑ የራሱን ማይክ ከፍቶ አዲሱን ሊተወው ይችላል። የስልኩ የድምፅ መቅጃ ተከፍቶ መጀመሪያ አዲሱ ማይክ በጥፍር መታ መታ ይደረጋል፣ ቀጥሎ የስልኩ ግርጌ። ቅጂው ሲደመጥ የመጀመሪያው ምት ጎልቶ፣ ሁለተኛው ከሩቅ ከተሰማ አዲሱ ማይክ ሥራውን ይዟል። የተገላቢጦሽ ከሆነ ጃኩ እስከ መጨረሻው መግባቱ ይታያል፣ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ከድምፅ ማስተካከያው ውስጥ የማይክ ምርጫው ይቀየራል።